አባ ያልሰሙት ካሴት

በ1997 ዓ.ም. ፍልሰታ ላይ ለነፍስ አባቴ ተናዝዤ ነበር። «አባ፣ የሰው ካሴት አበላሽቻለሁ» አልኳቸው። «የመዝሙር ነው የዘፈን?» አሉኝ። ትንሽ አሰብኩና «የዘፈን» አልኩ። ፊታቸው ፈታ አለ፤ ጥቂት ስግደት ሰጥተው አሰናበቱኝ። ስግደቱን ጨርሻለሁ። ኃጢአቱ ግን እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ ነው።

ካሴቱ የጌም ነው። በዚያ ዘመን ልጅ የነበረ ያውቀዋል፦ ቢጫ ወይም ቀይ ፕላስቲክ፣ ፊቱ ላይ ሥዕል የተለጠፈበት፣ ከታች 60 የመዳብ ጥርስ ያለው። ማሽኑ ኒንቴንዶ በ1983 እ.ኤ.አ. ጃፓን ላይ ያወጣው ፋሚኮም ቅጂ ነው። እኛ አምባ ጊዮርጊስ ሲደርስ ሃያ ዓመት ሞልቶት ስለነበር ስሙ እንኳ መንገድ ላይ ቀርቶ «ጌም» ብቻ ሆኗል።

አጎቴ ወደ ዳባትና ደባርቅ በሚያልፈው መንገድ ዳር ራዲዮ ይጠግን ነበር፤ እኔም አብሬው እውል ነበር። የሰፈራችን አራት ልጆች አንዳንድ ካሴት ነበራቸው፦ ማሪዮ፣ ታንክ፣ ሞተር፣ ቦምበርማን። የማሪዮው ልጅ ማሽኑም የእሱ ነው። ሕጉ ግልጽ ነበር፤ ቅድሚያ ለባለ ካሴቱ፣ ቀጥሎ ለባለ ማሽኑ፣ ከተረፈ ለእንግዳ። እኔ በዕድሜ ትልቃቸው ሆኜ ሁሌም እንግዳ ነበርኩ። ተራዬ ሲደርስ ደግሞ ወይ መብራት ይሄዳል፣ ወይ እናትየው ዜና ልትሰማ ትመጣለች።

ገበያ ላይ «9999 በ1» የሚል ካሴት ይሸጥ ነበር። ከፍተህ ብትቆጥር ያው ጥቂት ጌም ስሙን እየቀያየረ የሚመላለስበት ነው። እኔ እውነተኛ «4 በ1» እሠራለሁ አልኳቸው። «ማሽኑ በመንቀልና በመሰካት ብዛት እየላላ ነው፤ እፍ ስትሉበትም እርጥበቱ መዳቡን ይበላዋል» አልኩ። ይህ እውነት ነበር። ሰጡኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። የአራቱም ቦርድ ጥርስ አቀማመጡ አንድ ስለሆነ ጥርስን ከጥርስ እያገናኘህ ትደርባቸዋለህ። ጣጣው ማሽኑ ሲጠይቅ አራቱም በአንዴ መመለሳቸው ነው፤ አራት ዲያቆን አንድ ጊዜ የየራሱን ምንባብ እንደማንበብ። ስለዚህ ሦስት መስመር ለብቻ ይወጣል። አንዱ የፕሮግራሙን ቺፕ ያነቃል፣ አንዱ የሥዕሉን፤ ሦስተኛው ስክሪኑ እንዴት እንደሚደረደር ይወስናል፤ ወደ ጎን የሚሮጥ ጌምና ወደ ላይ የሚወጣ ጌም በዚህ አይስማሙም። ሦስተኛውን ረስቼ ስክሪኑ ሁለት ቀን እየተዘበራረቀ አሰቃይቶኛል። ሦስቱንም መስመሮች ከሞተ ራዲዮ በነቀልኩት ባንድ መቀየሪያ አሳለፍኳቸው፤ ያልተመረጠው ቦርድ እንዳይነቃ ደግሞ በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ከ5 ቮልቱ ጋር አሰርኩት። የመቀየሪያው ጽሑፍ እንዳለ ቀረ። ማሪዮ «ኤፍኤም» ላይ፣ ታንክ «ሾርት 2» ላይ ሆነ፤ ልጆቹም እንደዚያው ለመዱት።

አጎቴ ሥራዬን አይቶ «በሶኬት አድርገው» ብሎኝ ነበር። «የሰው ዕቃ ነው፣ ነገ ቢጠይቁህ ነቅለህ ትሰጣለህ።» ሶኬት ብጠቀም የማንንም ቦርድ መቁረጥ አያስፈልግም ነበር። ከሞቱ ማሽኖች የተነቀለ ሶኬት ጎንደር ጠጋኞች ዘንድ ይገኛል። እኔ ግን «ይላላል» አልኩትና መስመሮቹን በምላጭ ቆርጬ ሁሉንም በሊድ በየድኩ። አይላላም ነበር። ማንም የራሱን ነቅሎ እንዳይሄድ ነው የበየድኩት። ይህን ያኔም አውቀዋለሁ፤ ሊዱ ሲቀልጥ ደስ እያለኝ ነበር።

ቀጥሎ ያለው ከዚህ ይከተላል። «መቀየሪያው ስስ ነው» ብዬ ካሴቱን ሱቅ አስቀረሁት። ያጠራቀምኩትን አውጥቼ ማሽን ገዛሁ። አንድ ጨዋታ 25 ሳንቲም። አራቱ ባለቤቶች ለአንድ ሳምንት በነፃ ተጫወቱ፤ ከዚያ «መብራት እከፍላለሁ» ብዬ እነሱንም አስከፈልኩ። ልጅ በገዛ ካሴቱ ሊጫወት ሳንቲም ሲቆጥርልኝ ቆሜ ተቀብያለሁ።

የታንኩ ልጅ ቤተሰቡ ወደ ጎንደር ሊዛወር ሲል «አያ፣ ነገ ታንኬን ልወስድ እመጣለሁ» አለኝ። ያን ማታ የሾርት 2ን ሽቦ ነቀልኩ። ሲመጣ «ተቃጥሏል» አልኩት። አላመነኝም መሰል ራሱ አዞረው። ኤፍኤም ላይ ማሪዮ ወጣ፤ ሾርት 2 ላይ ስክሪኑ አመድ ሆነ። መልሶ አዞረው፣ ያው። «እሺ አያ» ብሎ ወጣ። በሩን ዘግቼ ሽቦውን በየድኩና እስከ እኩለ ሌሊት ታንክ ተጫወትኩ።

ለልጁም ለአባም ተበላሽቷል አልኩ። አልተበላሸም።

ይህን ያወራሁለት ጓደኛዬ ሳቀብኝ። ማሪዮ ሙሉው 40 ኪሎባይት ነው፣ ስልክህ ላይ ካለ አንድ ፎቶ ያንሳል፣ ስለዚህ ነው የምትጨነቀው? አለ። እሱ የሚለው ስለ ጌሙ ነው። እኔ ስለ ሊዱ ነው የማወራው።

ባለፈው ክረምት መሳቢያውን ከፍቼ አራቱን ቦርዶች ለያየኋቸው። የቆረጥኩትን በፀጉር በቀጠነ ሽቦ አገናኘሁ። አጎቴ አርፏል፣ ሱቁ ግን ያው መንገድ ዳር ነው፤ አሁን ስልክ እጠግንበታለሁ። ሌሎቹ ሦስታችሁ ካላችሁም ኑ፤ የከፈላችሁትንም አስባለሁ። አንተ ግን ቅደም። ታንክህ ለብቻው ተፈትኗል፣ ይሠራል።