ኮከብ በይሉኝታ

ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ላጫውታችሁና እናንተ ፍረዱ። በስልክ ያዘዛችሁት ዕቃ ቤታችሁ ሲደርስ ከፎቶው ጋር ጨርሶ የማይተዋወቅ ሆኖ ቢገኝ ምን ታደርጋላችሁ? እውነቱን እናውራ ከተባለ አብዛኞቻችን ለጎረቤት እናማለን፣ ለመሥሪያ ቤት ጓደኛ እናማለን፣ ሲብስብን ታክሲ ውስጥ አጠገባችን ለተቀመጠ ሰው ሳይቀር እናማለን። ለሻጩ ግን ትንፍሽ አንልም። ቻናሉ ላይ «ቤተሰብ፣ አስተያየታችሁን አካፍሉን» ሲባልማ ልብ ተጭነን እናልፋለን።

የሚገርመኝ ገበያ ስንወጣ እንዲህ አለመሆናችን ነው። መርካቶ የገባን ዕለት ማን ይችለናል? ሽንኩርቱን ጨመቅ፣ ጫማውን ጠምዘዝ፣ ጨርቁን ወደ ብርሃን ዘርጋ እያደረግን «ይሄማ አንድ እጥበት አይችልም» ብለን ባለቤቱ ፊት እናጣጥለዋለን። ነጋዴውም አይቀየምም። ዋጋ ለማስቀነስ እንደሆነ ስለሚያውቅ «እንግዲያው ተይው እህቴ» ብሎ ይስቃል። ዕቃውን ይዘን ስንሄድ እጃችን መርምሮታል፣ ዓይናችን አይቶታል። ቢበላሽ እንኳ ጥፋቱን ለራሳችን እናካፍላለን።

በስልክ ገበያ ግን እጅ የለም። ያለው ፎቶ ነው፤ ፎቶውም ብዙ ጊዜ ከሌላ ቦታ የተወሰደ ነው። እዚህ ገበያ ሽንኩርቱን የሚጨምቅልን፣ ጫማውን የሚጠመዝዝልን ከእኛ በፊት የገዛው ሰው ነው። እሱ ዝም ካለ እኛ ዓይናችንን ጨፍነን ነው ብር የምንልከው።

ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። ቴሌግራም ላይ ካለ አንድ ሱቅ ጁስ መፍጫ አዘዝኩ። ማስታወቂያው «ኦርጅናል! በረዶ ይሰብራል፣ ቡና ይፈጫል፣ በርበሬ ያደቃል! ጥቂት ፍሬ ነው የቀረን!» ይላል። ዋጋ አልተጻፈም፤ እንደተለመደው «ኢንቦክስ» ነው። ብሩን በቴሌብር ላክሁ፣ ሞተረኛው አመጣልኝ። አቮካዶውን አሳምሮ ፈጨ። ቡና የገባበት ዕለት ግን መጀመሪያ ድምፁ ቀጠነ፣ ቀጥሎ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፣ በመጨረሻም ከሥሩ ጭስ ቡልቅ አለና ጸጥ አለ። ገልብጬ ሳየው ሆዱ ላይ በተለጠፈችው ወረቀት በደቃቅ ፊደል ደረቅ ነገር እንዳይፈጭበት ተጽፏል። ዕቃውን የሠራው ፋብሪካ አይፈጭም ያለውን ነው ሻጯ ይፈጫል ያለችን።

ቤታችን ለሁለት ተከፈለ። አክስቴ «አንቺ ልጅ፣ ተይ! ልጅቷ የቤት ኪራይ አለባት፣ ምናልባትም ልጅ ታሳድጋለች። በአንድ ጁስ መፍጫ የሰው እንጀራ አይዘጋም» አሉ። የወንድሜ ልጅ ደግሞ ስልኩን አውጥቶ «አክስቴ፣ ጭሱን እንደገና እናስነሳውና ቲክቶክ ላይ እንልቀቃት፤ በአንድ ሌሊት ነው ጉዷ የሚፈላው» አለ። አንዷ በዝምታ ሊቀብሩት፣ ሌላው በአደባባይ ሊሰቅላት ተነሡ።

ይህ ሙግት እኛ ቤት አልተጀመረም። ፒየር ኦሚድያር በ1995 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ኋላ ኢቤይ የተባለውን የጨረታ ገበያ ሲከፍት፣ ተያይተው የማያውቁ ሰዎች ተማምነው ገንዘብና ዕቃ እንዲለዋወጡ ነበር ሐሳቡ። ብዙ ሳይቆይ «እገሌ አታለለኝ» የሚለው አቤቱታ ወደ እሱ ይጎርፍ ጀመር። እሱም በ1996 ሻጭና ገዢ አንዱ ስለ ሌላው በይፋ የሚጽፍበት መድረክ አበጀና ዳኝነቱን ለገበያተኛው ለቀቀ። ነገር ግን ገዢው «አልረካሁም» ብሎ ሲጽፍ ሻጩም በፊናው «ይህ ሰው መጥፎ ደንበኛ ነው» እያለ ብድሩን መመለስ ያዘ። ገዢዎች ይህን ፈርተው አፋቸውን ዘጉ። በ2008 ኢቤይ ሻጮች ስለ ገዢ መጥፎ አስተያየት እንዳይጽፉ እስከ መከልከል የደረሰው በዚህ የተነሳ ነው።

ፖል ሬዝኒክና ሪቻርድ ዜክሃውዘር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1999 እዚያ ገበያ ላይ የተደረጉ ሽያጮችን መርምረው ነበር። አስተያየት የሰጡት ገዢዎች ከግማሽ ጥቂት ቢበልጡ ነው፤ ከሰጡት አስተያየት ደግሞ 99.1 በመቶው ምስጋና ሆኖ ተገኘ። መቼም በየትኛውም ገበያ ከመቶ ዕቃ ዘጠና ዘጠኙ እንከን አልባ ይሆናል ብላችሁ አትከራከሩኝም። ይሉኝታ የሐበሻ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ፈረንጁም ለካ አንገቱን ደፍቶ ኮከብ ሲያድል ኖሯል።

አክስቴን የሚደግፍ ጥናትም አለ። ሉዊስ ካብራልና አሊ ሆርታችሱ በ2010 ባሳተሙት ሥራ፣ ሽያጩ በሳምንት 5 በመቶ ሲያድግ የነበረ የኢቤይ ሻጭ የመጀመሪያው መጥፎ አስተያየት ከተጻፈበት በኋላ በሳምንት 8 በመቶ ወደ ማሽቆልቆል እንደሚዞር በአማካይ አስልተው አሳይተዋል። ስለዚህ «እንጀራ ይዘጋል» የሚለው የአክስቴ ስጋት ባዶ ፍርሃት አይደለም። አንዲት ዓረፍተ ነገር ትነክሳለች።

እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ ለምንድን ነው ይህን ያህል የምትነክሰው? ሌላው ሁሉ ዝም ስላለ ነው። በመቶ ምስጋና መካከል የተገኘች አንዲት ቅሬታ እንደ መርዶ ትሰማለች። ሰው ሁሉ ያየውን ቢናገር፣ «ቀለሙ ትንሽ ይለያል»፣ «ለመድረስ ዘገየ»፣ «ክዳኑ ይላላል» የሚሉት ጥቃቅን ቃላት የዕለት ተዕለት ወሬ ቢሆኑ፣ አንዷ ቅሬታ ማንንም አትጥልም ነበር። ለሻጩ አዝነን ዝም ያልን እየመሰለን፣ ነገ የሚናገረውን አንድ ሰው ቃል ስለት እያወጣንለት ነው። ዝምታችን ከሻጮች ሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ደግሞ አጭበርባሪውን ነው፤ ከታማኙ ነጋዴ እኩል አምስት ኮከብ ይዞ ይቆማልና።

ለመጻፍ ወሰንኩ። ከዚያ በፊት ግን ለራሷ መንገር ተገቢ ነው፤ ሰው ሳይጠየቅ አይፈረድበትም። «ጤና ይስጥልኝ፣ ጁስ መፍጫው ቡና ሲገባበት ተቃጠለ» ብዬ ላክሁ። መልሱ ከአፍታ በኋላ መጣ፤ «ውዴ፣ እስካሁን ማንም ቅሬታ አቅርቦ አያውቅም።» ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ማን ያቅርብ? የወረቀቷን ፎቶ ላክሁላት። ስትጽፍ ታየኝ፣ ተወችው፣ እንደገና ጀመረች። በመጨረሻ «እሺ ማሬ፣ ግማሹን ልመልስልሽ፤ ኮሜንት ግን አትጻፊብኝ» አለች።

እዚህች ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሸነፈው። ገንዘቡ የእኔ ነው፣ ዝምታው ግን የእኔ ብቻ አይደለም፤ ነገ ቡና ሊፈጭ የሚያዝዘው ሰው ድርሻ አለበት። ደግሞም ገንዘቡ ችሮታ አይደለም። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ጽሑፍ በየሱቁ ግድግዳ ላይ ከማየታችን ብዛት ሕግ መስሎን ቀርቷል እንጂ፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 እንከን ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ስለዚህ «እህቴ፣ የምትመልሽውን መልሽ፣ መመለስሽንም እጽፍልሻለሁ» አልኳት።

የወንድሜ ልጅ መጀመሪያ ያረቀቀልኝ ኮሜንት «ሌቦች ናችሁ! ሕዝብ ሆይ ተጠንቀቅ!» የሚል ነበር። ይህ ለቀጣዩ ገዢ ምን ይነግረዋል? አንድ ሰው እንደተናደደ ብቻ። «ሌባ» ደግሞ ፍርድ ነው። የወንጀል ሕጋችንም ሆነ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስም ማጥፋትን በዋዛ አያልፉትም። የሴትየዋን ፎቶና ስልክ ቁጥር በየግሩፑ መበተንማ ከጁስ መፍጫ ጉዳይ ወጥቶ በቀል ነው። እኔ የጻፍኩት ይህን ነበር፦ «አቮካዶ በደንብ ይፈጫል። ቡና ስፈጭበት ተቃጠለ፤ ዕቃው ላይ የተለጠፈው መመሪያ ደረቅ ነገር እንዳይፈጭበት ያስጠነቅቃል። ሻጯ ግማሽ ክፍያ መልሳለች። በሰዓቱ ደርሶኛል።» ሞተረኛው ዘግይቶ ቢሆን እንኳ ሌላ መሥሪያ ቤት የላከው ከሆነ የሱን ጥፋት በእሷ ላይ አልጭንም ነበር። ጭማቂ ብቻ የሚጠጣ ሰው ኮሜንቴን አንብቦ ይገዛል፤ ቡና ለመፍጨት ያሰበ ይተወዋል። እንጀራዋም አልተዘጋም፣ ገዢውም አልተታለለም።

ምን ሆነ በሉኛ! ኮሜንቱ እስከ ማታ ቆየ፣ ሲነጋ የለም። የቻናሉ ቁልፍ በሻጯ እጅ ነው፤ የምትለጥፋቸው የምስጋና ስክሪንሾቶች እንጂ የምታጠፋቸው አይታዩም። ነገር ግን ከማስታወቂያው ላይ «ቡና ይፈጫል» የሚለውም አብሮ ጠፍቷል። የወንድሜ ልጅ «አየሽ፣ አጠፋችሽ» አለኝ፤ አክስቴ «አየሽ፣ ሰምታለች» አሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ከእናንተ መካከል ሻጮች አትጠፉምና ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። ቅሬታ ሲጻፍባችሁ ከማጥፋት ይልቅ ከሥሩ መልስ ስጡበት፤ «ይቅርታ፣ ማስታወቂያውን አስተካክለናል» የምትል አንዲት መስመር ከአሥር የምስጋና ስክሪንሾት በላይ ታሳምናለች። እኔ እንኳ ከዚያ ወዲህ አንድም ቅሬታ የማይታይበት ሱቅ ሳገኝ ብር አልክም። ወይ ገና ማንም አልገዛም፣ ወይ የገዙት ሁሉ ታግደዋል ብዬ ነው የማልፈው።