ያላዩትን አገር የሚያስናፍቅ ሥዕል

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» የሚለው ያባቶች ምሳሌ ብዙ ዘመን ሳይነቀፍ ኖሯል፤ ሰው የሚመኘው ወይ በዓይኑ ያየውን ወይ በጆሮው የሰማውን ነውና። ዳሩ ግን ይህን ምሳሌ የሚፈታተን አንድ ጥበብ ተነሥቷል፤ ይኸውም በሲኒማ ቤት ደጅ የሚሰቀለውና በዲቪዲ ማኅደር ላይ የሚታተመው የፊልም ሥዕል ነው። ይህ ሥዕል ካልታየው አገር አንዲት ቅንጣት ቈርሶ ለተመልካች ያሳያል፤ የቀረውን ግን በገንዘቡ ገዝቶ እንዲያይ ልቡን አናፍቆ ይተወዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ የዲቪዲ ገበያ ገና ሳይደክም፥ በካፋ ዞን በቢታ ገነት ከተማ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ከገበያ ሲመለሱ በአንድ ቪዲዮ ቤት ደጅ ቆሙ። በቆርቆሮው በር ላይ ያገር ውስጥ፥ የህንድና የአሜሪካ ፊልም ሽፋኖች ጐን ለጐን ተለጥፈው ነበረ፤ አንዳንዱን ፀሐይ አንጥቶታል፥ አንዳንዱንም ዝናም አርሶት ጠርዙ ተጠቅልሏል። ከሥሩ ዕድሜው ዐሥር ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ ቆሞ አንዱን ሽፋን ትኵር ብሎ ያይ ነበረ። ልጁ አፉን የፈታው በካፊኖኖ ስለ ሆነ ያማርኛውን ጽሕፈት ገና አጥርቶ አያነብም።

መምህሩም «ምን ይላል?» ብለው ጠየቁት። ልጁም የተጻፈውን ትቶ የተሣለውን አነበበላቸው። «ጋሼ፥ ይቺ የሀብታም ልጅ ናት። እሱ ድኻ ነው፤ ይወዳታል። ይኸ ከላይ ያለው፥ ፊቱን ያጠቈረው፥ አባቷ ነው፤ እምቢ ብሏል። በስተኋላ ያለው ቤታቸው ነው» አላቸው። መምህሩ ጽሕፈቱን ቢመለከቱ ከፊልሙ ስምና ከተዋናዮቹ ስም በቀር ሌላ ቃል አላገኙበትም። ታሪኩን ሁሉ የነገረው ሥዕሉ ብቻ ነበረ።

«እንዲህ ያለ ቤት አይተህ ታውቃለህ?» አሉት።

«እኔ አላየሁም፤ ወንድሜ ግን አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ነው ያለው።»

«ይኖርበታል?»

«የለም ጋሼ፤ ይሠራዋል እንጂ። የቀን ሠራተኛ ነው።»

የልጁ አነባበብ ለመምህሩ እንግዳ አልሆነባቸውም፤ እርሳቸውም በልጅነታቸው ፊደል ሳይቈጥሩ አስቀድመው ያነበቡት የቤተ ክርስቲያንን ግድግዳ ነበረና። በቀድሞው የኢትዮጵያ ሥዕል ሥርዓት ጻድቁ ፊቱ በሙሉ፥ ሁለቱ ዓይኖቹ ተገልጠው ይሣላል፤ ክፉው ግን ፊቱ ወደ ጐን ዞሮ በአንድ ዓይን ይታያል። ክብር የሚገባው ገዝፎ፥ ሌላው አንሶ ይሣላል። ስለዚህ ማንበብ የማይችል ምእመን ሥዕሉን ባየ ጊዜ ማን ከማን ወገን እንደ ቆመ ወዲያው ያውቃል።

የፊልም ሽፋንም የራሱ ሥርዓት አለው። ፍቅር የሚተርክ እንደ ሆነ ሁለት ፊት ተቀራርቦ፥ የሚያሥቅ እንደ ሆነ ሁለት ሰው ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፎ፥ የሚያስፈራ እንደ ሆነ ግማሽ ፊት በጨለማ ተውጦ ይታያል። ቀዩ ቀለም ለፍቅርም ለደምም ያገለግላል። የታወቀው ተዋናይ በታሪኩ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ቢታይ እንኳ በሽፋኑ ላይ ይገዝፋል። በአሜሪካ የፊልም ሥራማ የማን ስም እንደሚቀድም፥ የማን ስም እንደሚከተል፥ ፊደሉም ምን ያህል እንደሚሆን በውል ይወሰናል። በግድግዳው ላይ ሰውን የሚያገዝፈው ቅድስናው ነው፤ በሽፋኑ ላይ ግን የሚያገዝፈው ገበያው ነው።

ይህ ጥበብ ከሲኒማ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ሉሚዬር የተባሉት ወንድማማች እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ትርኢታቸውን ለሕዝብ በክፍያ አሳዩ፤ ማርሴለን ኦዞል የተባለው ሠዓሊም የማስታወቂያ ሥዕል ሠራላቸው። በሥዕሉ ላይ አትክልት አጠጪው በገዛ ቱቦው ፊቱ ሲረጭ በመጋረጃው ላይ ይታያል፤ ሠዓሊው ግን ከመጋረጃው ፊት ተቀምጠው የሚሥቁትንም ተመልካቾች ጨምሮ ሣላቸው። እንግዲህ ሥዕሉ የሸጠው ፊልሙን ብቻ አልነበረም፤ በመንገድ ለሚያልፈው ሰው የገዛ ራሱን ሣቅ አስቀድሞ አሳየው እንጂ። በ1975 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ለወጣው «ጆውስ» ለተባለው ፊልም ሮጀር ካስቴል የሣለው ሥዕል ደግሞ ሣቅን ትቶ ፍርሃትን ሸጠ፤ ከምትዋኝ አንዲት ሴት በታች ከልክ ያለፈ ግዙፍ ዓሣ አፉን ከፍቶ ወደ ላይ ሲወጣ ያሳያል። በጋና አገር ደግሞ በ1980ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) ጀነሬተርና ቪዲዮ ጭነው ካንዱ ከተማ ወዳንዱ የሚዞሩ ሰዎች ማስታወቂያቸውን በዱቄት ከረጢት ጨርቅ ላይ በእጅ ያስሥሉ ነበረ፤ ከሠዓሊዎቹም አንዳንዱ ተመልካች ለመሳብ ሲል በፊልሙ ውስጥ ከቶ የሌለውን ነገር ይጨምር ነበረ።

በኢትዮጵያ የሆነ እንደ ሆነ፥ ሕዝቡ በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ኋላ ግን ያገር ልጅ ራሱ ፊልም መሥራት ጀመረ። በ1957 ዓ.ም. የወጣው «ሂሩት አባቷ ማነው?» ስሙ ራሱ ጥያቄ ስለ ሆነ፥ መልሱን የሚሻ ሁሉ እንዲገባ የሚጋብዝ ነበረ። ከዚያም በኋላ «ጤዛ» በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፥ «ድፍረት» በ2014 በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት (ሁሉም እ.ኤ.አ.) አገኙ። እንዲህ የተሸለመ ፊልም በማስታወቂያው ላይ ሁለት የቅጠል ዝንጣፊ እንደ አክሊል ተገጥሞ ይታተምለታል፤ ይህም ውበትን ሳይሆን ምስክርን አቅርቦ መጥራት ነው። ዛሬ ዲቪዲው እየቀረ ሥዕሉ በእጅ ስልክ ላይ ካውራ ጣት ብዙ የማይበልጥ ሁኗል፤ ሥራው ግን ያው ነው።

እንግዲህ የፊልም ሥዕል ሁሉ ሐሰት ነውን? አይደለም፤ ማጋነን ሌላ፥ መዋሸት ሌላ ነው። የ«ጆውስ» ሠዓሊ መጠኑን ቢያበዛም ዓሣው በፊልሙ ውስጥ አለ፤ ፍርሃቱም አለ። በፊልሙ የሌለውን መኪና ወይም የሌለውን ውጊያ በሽፋኑ ላይ የሚያትም ሰው ግን ቃሉን ያጠፈ ነጋዴ ነው። ቡና ለቅሞ ባገኛት ጥቂት ብር ለሚገባ ልጅ እንዲህ ያለው ሽፋን ላዩ ለዓይን፥ ውስጡን ለቄስ የሚባለው ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ግን በሽፋኑ ላይ ያልታየው ነገር ነው። የካፋ ደን ቡና ራሱ በቅሎ የሚገኝበት፥ ዩኔስኮም በ2010 (እ.ኤ.አ.) በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ያስገባው ደን ነው። በዚያ የቆርቆሮ በር ላይ ከተለጠፉት ሽፋኖች ግን በአንዱ እንኳ የእንሰት ጓሮ ወይም በዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ አልነበረም። ልጁ በየቀኑ የሚያየው አገር ለሥዕል የማይበቃ መሰለው፤ ያላየው አገር ግን ይናፍቀው ጀመረ። ወንድሙም አስቀድሞ በዚያው ደጅ ቆሞ እንደ ነበረ ማን ያውቃል?

መምህሩ ከፍለው ሊያስገቡት ቢፈልጉ ልጁ «ጨው እንድገዛ ተልኬ ነው» ብሎ ሄደ፤ እርሳቸው ግን ገብተው ፊልሙን እስከ መጨረሻው አዩ። ሲወጡ ልጁ ጨዉን ለእናቱ አድርሶ ተመልሶ በደጅ ቆሞ አገኙት።

«ጋሼ፥ ቤቱ ታየ?» አላቸው።

«ደጁ ብቻ ታየ፥ ልጄ» አሉት።

ልጁም ጥቂት አስቦ «እንግዲያስ ወንድሜ የሠራው ውስጡን ይሆናል» አለ።