ዘጠኝ ጫጩቶች በአንድ ሌሊት

ደብረ ብርሃን በኅዳር ሌሊቱ ውርጭ ነው። አክስቴ 50 የአንድ ቀን ጫጩት ገዝታ፣ የዕቃ ቤቱን ወለል ሳጋቱራ አልብሳ፣ በካርቶን ዙሪያውን ከልላ፣ አምፖል ዝቅ አድርጋ ሰቅላ ማሳደግ ከጀመረች ገና ሦስተኛ ቀኗ ነበር። በማለዳ ደወለችልኝና «ዘጠኝ ሞቱብኝ» አለች። ሌላ አልጨመረችም። ማልቀሷ ከድምፅዋ ያስታውቃል፤ ስሰማት የእኔም ሆድ ባባ።

ስደርስ ጎረቤት ተሰብስቦ ምክንያቱን ቆርጦ ጨርሶታል። አንደኛዋ «ዓይን ነው፤ ትናንት ያ ሰውዬ ‹ሲያምሩ› ብሎ አልነበር?» ትላለች። ሌላው «ፈንግል ነው፣ ቀሪዎቹን ቶሎ ሽጫቸው» ይላል። መኖውን የጠረጠረም ነበር። ሁሉም ከልቡ አዝኖ ነው የሚናገረው። ነገር ግን አንድም ሰው ጎንበስ ብሎ የሞቱትን አላየም። በጆንያ ተሸፍነው በሩ ሥር ተኝተዋል።

የማውቀው ወጣት የእንስሳት ሐኪም ከተማው ውስጥ ይሠራልና ለመንሁት፤ መጣ። ጆንያውን ከመግለጡ በፊት አክስቴን በጥያቄ ያዛት።

«እማማ፣ የት የት ወድቀው ነው ያገኟቸው?»

«እዚሁ ውስጥ ነዋ፣ ልጄ።»

«ጥግ ላይ ተደራርበው ነው ወይስ ተበታትነው?»

አክስቴ ዝም ብላ ወለሉን አየችው። «ተበታትነው ነው። የሚበዙት እዚህ፣ ምድጃው አጠገብ።»

«የምን ምድጃ?»

ለካ ማታ መብራት ጠፍቶ ኖሯል። እንዳይበርዳቸው ብላ ከሰል አቀጣጠለች፤ ጭሱ እስኪወጣለት ደጅ አቆየችው፤ ፍም ሲሆን አስገባችው፤ የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ወትፋ ወደ መኝታዋ ሄደች። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየተቀነሰለት ነው ብርዱን የሚለምደው። በደብረ ብርሃን ሌሊት ያለ መብራት ይህን ለማግኘት ሌላ ምን ታድርግ?

የሐኪሙ ጥያቄ ለምን ከቦታው እንደጀመረ ኋላ ነው የገባኝ። በርዷቸው ቢሆን ኖሮ አንዱ ባንዱ ላይ ወጥቶ፣ ከሥር ያሉት ታፍነው በተገኙ ነበር። ሙቀት በዝቶባቸው ቢሆን ክንፋቸውን ዘርግተው፣ አፋቸውን ከፍተው ከምድጃው በራቁ ነበር። ነፋስ የሚገባበት ቤት ከሆነ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ይሸሻሉ። ፈንግል ቢሆን ደግሞ ግቢውን የሚጭሩት የአክስቴ አሮጌ ዶሮዎች ዝም ብለው አይዘልቁትም፤ ፈንግል ዕድሜ አይመርጥም፣ የጎረቤትንም አይምርም። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ ሐኪሙም «ለሁሉም ይከተቡ» ብሎ አስጠነቀቃት፤ ይህ ግን ለነገ የሚሆን ምክር ነው።

ጋዜጣ አነጠፈ። ከዘጠኙ አራት መርጦ ትንሽ መቀስ አወጣ። የመጀመሪያዋን ከፈታት። የትንሽ ጣቴን ጥፍር የምታህል ሳንባ አሳየኝ፤ ፍክት ያለ ሮዝ ናት። ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም እንደዚያው። የሞተ ነገር ይገረጣል ብዬ ስለምጠብቅ ያ ቀለም ክፉኛ አስደነገጠኝ። «ከሰሉ ነው» አለ ሐኪሙ በቀስታ። ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ከያዘ ደግሞ ኦክስጅን ከሚይዘው ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ነው፤ ደሙን የሚያደምቀውም እሱ ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ጭሱ የወጣለት ፍም እንኳ ይተፋዋል። በአገራችን ከሰል ሰው እንደሚገድል የማያውቅ የለም፤ ይሁንና የሞቱት ጫጩቶች ስለሆኑ ብቻ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል የከሰሉን ነገር ያነሳ አልነበረም።

አራተኛዋ ግን ሌላ ሆነች። ሳንባዋ ሮዝ አይደለም። ሆዷ ተነፍቷል፤ እምብርቷ በደንብ አልተዘጋም፣ ጠቁሯል። ሲከፍታት ክፉ ጠረን ወጣና አክስቴ በነጠላዋ አፍንጫዋን ያዘች። ጫጩት ሊፈለፈል ሲል የእንቁላሉን አስኳል ወደ ሆዱ ይስባል፤ ሁለት ሦስት ቀን የሚኖርበት ስንቁ ነው። በካርቶን ታሽጎ፣ ሳይበላ ሳይጠጣ ከከተማ ከተማ የሚደርሰውም በዚህ ስንቅ ነው። አስኳሉ በየቀኑ እየሟሸሸ ማለቅ ነበረበት። የዚችኛዋ ግን እንዳለ ነው፤ ቀጥኖ አረንጓዴ ሆኗል። ባልደረቀ እምብርት ጀርም ሲገባ ስንቁ ራሱ ይበሰብሳል። ይቺ ጫጩት ከመገዛቷ በፊት ታማለች።

ያኔ አክስቴ ሌላ ነገር ትዝ አላት። በመጀመሪያው ቀን አንድ፣ በሁለተኛው ቀን ሁለት ሞተውባት ነበር። «የመንገድ ድካም ነው» ብላ ከአጥር ውጭ ጥላቸዋለች። ሆዳቸው ተነፍቶ እንደሆነ ሐኪሙ ጠየቃት። «አዎ፤ እርጥብም ነበሩ» አለች።

እኔን እስካሁን የሚያስገርመኝ እዚህ ላይ ያለው ነገር ነው። አሥራ ሁለቱ ሞት አንድ አልነበረም። ከሰል ነው ብትል የመጀመሪያዎቹ ሦስትና ሆዷ የተነፋው አይገቡበትም፤ መፈልፈያ ቦታው ነው ብትል ከሌሊቱ የሚበዙት ይተርፉሃል። አንድ ላይ ተደምረው እስከተቆጠሩ ድረስ የቱም ምክንያት ግማሹን ገልጦ ግማሹ ላይ ይወድቃል። ይህን ጊዜ ነው ሰው ሳይወድ በግዱ «ዓይን ነው» የሚለው፤ ዓይን ሁሉንም ይጠቀልላልና።

በሌላ አገር የሆነ ነገር ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ከ100,000 በላይ ተርኪዎች፣ የሚበዙት ጫጩቶች፣ በጥቂት ወራት አለቁ። ምክንያቱን ማንም ስላላወቀው በሽታውን «ኤክስ» ብለው ጠሩት። ተላላፊ መስሎ ነበር፤ ግን ጀርም ቢፈለግ አልተገኘም። በመጨረሻ እርሻዎቹን የሚያገናኛቸው የሚበሉት ነገር ሆኖ ተገኘ፤ መኖው ውስጥ ከብራዚል የመጣ የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ ነበር። ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝ አፍላቶክሲን የሚል ስም ወጣለት። ዛሬ ለሰው ምግብ ጭምር ለውዝና በርበሬ የሚመረመርበት መርዝ መጀመሪያ የታወቀው እነዚያ ጫጩቶች ለምን እንደሞቱ ተግቶ የጠየቀ ሰው ስለነበረ ነው። የኑግ ፋጉሎ ለዶሮዎቿ የምታቀላቅለው አክስቴም ይህን ስነግራት ተነሥታ ከረጢቱን ከእርጥቡ ግድግዳ ፈቀቅ አደረገችው።

ሐኪሙ ሲሄድ ከቀሪዎቹ መሐል አንዷን አንስቶ አንገቷ ሥር ያለችውን የእህል ከረጢት በጣቱ ዳሰሰ። «ማታ ማታ እንዲህ ይንኳቸው እማማ። ሞልታ ለስለስ ካለች በልታለች፣ ጠጥታለች።» አክስቴ ወዲያው ለመደችው። ጩኸታቸውን ግን ከእኛ ሁሉ እሷ ታውቀዋለች፤ የበረደው ጫጩት ቀጠን ያለ፣ የማያቋርጥ ጩኸት ይጮሃል፤ የሞቀው ለራሱ ያህል ነው የሚያንሾካሹከው። «እናቲቱ ብትኖር ለዚህ ጩኸት ክንፏን ትከፍት ነበር» አለች፤ ወደ ምድጃው እንኳ አላየችም።

ከዚያ ወዲህ ግድግዳዋ ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ ሥር እርሳስ አንጠልጥላለች። ስንት ሞተ፣ የት ወድቆ ተገኘ፣ ሆዱ ምን ይመስላል፤ በየቀኑ ትጽፋለች። መብራት ሲጠፋ ካርቶን ውስጥ ከትታ፣ ዙሪያውን ጭድ ጠቅጥቃ፣ ለአየር ቀዳዳ ትታ ታሳድራቸዋለች።

ባለፈው ሳምንት ደወለች። «አንድ ሞተብኝ» አለች። ምን ሆኖ ነው አልኳት።

«የውኃው ሳህን ውስጥ ገብቶ ነው። ሳህኑ ጠልቆበት። አሁን ጠጠር ደርድሬበታለሁ።»