ዝናብ የሚያወጣው የአክሱም ገንዘብ

አንባቢዬ፥ አክሱምን ለማየት ቢያስቡ በክረምት ይሂዱ። በበጋ የሄደ ሰው ሐውልቶቹን አይቶ፥ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይመለሳል። በክረምት የሄደ ግን ከተማይቱ በጉያዋ የሸሸገችውን ስትገልጥ ያገኛታል። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ጠዋት ሲያባራ ሕፃናት አንገታቸውን ደፍተው በየማሳው ድንበርና በየቦዩ ዳር ሲመላለሱ ያያሉ። የጠፋ በግ የሚፈልጉ እንዳይመስልዎ፤ የሚፈልጉት ገንዘብ ነው፤ ያውም የነገሥታት ገንዘብ።

ነገሩ ተአምር አይደለም። የጥንቷ ከተማ ፍርስራሽ ያለው ከዛሬዋ ከተማና በዙሪያዋ ካሉት እርሻዎች ሥር ነው። ማረሻ አፈሩን ይገለብጠዋል፤ ጎርፍ ደግሞ ቀላሉን አፈር ጠርጎ ይወስድና ከባዱን ነሐስ ባለበት ትቶት ይሄዳል።

በሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ንጉሥ እንዱቢስ ስሙንና መልኩን በገንዘብ ላይ አሳተመ። ከእርሱ በኋላም እስከ ሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ የነገሡት በወርቅ፥ በብርና በነሐስ ሲያሳትሙ ኖሩ። ወርቁ ለባሕር ማዶ ንግድ የሚውል ስለ ነበረ ጽሕፈቱ በአብዛኛው በግሪክ ቋንቋ ነው፤ እያደር ግን ግእዝ በብሩና በነሐሱ ላይ እየበዛ ሄደ። የንጉሡን ምስል ግራና ቀኝ የእህል ዛላ ያቅፈዋል። ዒዛና በመጀመሪያ ባሳተመው ላይ ጨረቃ ይታያል፤ ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ ባሳተመው ላይ ግን መስቀል ተተክቶበታል። እንግዲህ አንድ መንግሥት ሃይማኖቱን ሲለውጥ፥ ያን ታላቅ ነገር በመዳፍዎ ላይ ይዘው ያዩታል ማለት ነው። ይህ ገንዘብ ባሕርም ተሻግሯል፤ በየመን፥ አል ማዳሪባ በተባለ ስፍራ፥ እ.ኤ.አ. በ1977 ከሮማውያን ወርቅ ጋር 868 የአክሱም ወርቆች በአንድነት ተገኝተዋል።

አሁን ጥፋቴን ልንገርዎ። ታሪክ የማስተምር ሰው ሆኜ አክሱምን ሳላይ መቅረቴ ያሳፍረኝ ነበርና ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሻንጣዬን አንሥቼ ሄድሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከከተማው በስተምዕራብ በዱንጉር ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አጠገብ ስዘዋወር አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ ተጠጋኝና «ጋሼ፥ ሳንቲም» አለኝ። የሚለምነኝ መስሎኝ እጄን ወደ ኪሴ ሰደድሁ። እርሱ ግን መዳፉን ሲከፍት አረንጓዴ የለበሰች፥ ከኮት ቁልፍ የማትበልጥ ክብ ነገር አሳየኝ። ልቤ ዘለለ። የምሳዬን ዋጋ ሰጠሁትና ወሰድኋት። «ከየት አገኘኻት?» ብዬ እንኳ አልጠየቅሁትም።

ማታ በሆቴሌ በሬን ዘግቼ ገንዘቢቱን በሎሚና በአመድ እፈትጋት ጀመር። አረንጓዴው ሲለቅ አንድ ቢጫ ነገር ብልጭ አለ፤ እድፍ መሰለኝና አጥብቄ አሸሁት፤ ጠፋ። የንጉሡ ፊት ብቅ ባለ ጊዜ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

በማግሥቱ እውቀቴን ላሳይ ብዬ ወደ ቤተ መዘክር ይዣት ሄድሁ። አንድ ሠራተኛ በአጉሊ መነጽር ጥቂት ካያት በኋላ ቀና ብሎ «ወርቁስ?» አለኝ።

«የምን ወርቅ?»

ንጉሡ ዋዜባስ ነው፤ በአራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የነገሠ። የአክሱም ጠቢባን በነሐሱ ላይ፥ ከንጉሡ ራስ ዙሪያ፥ ስስ ወርቅ ይለብጡ ነበር። አንባቢዬ፥ አንድ ሺሕ ስድስት መቶ ክረምት ያላነሣውን ወርቅ እኔ በአንድ ሎሚ አነሣሁት።

ሠራተኛው አልተቈጣኝም፤ ሁለተኛ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። «የት ተገኘች?» መልስ አልነበረኝም። የባሰው ጥፋት ይኸኛው መሆኑን ያን ጊዜ ገባኝ። 33 ሜትር የሚረዝመው ታላቁ ሐውልት ወድቆ ተሰባብሮ ይታያል። ከሥሩ ባለው አፈር የዚሁ የዋዜባስ ገንዘብ ስለ ተገኘ ሐውልቱ ከዚያ ንጉሥ ዘመን በፊት እንዳልወደቀ ሊቃውንት ለመገመት ቻሉ። ያው ገንዘብ ከገበያ ተገዝቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይነግራቸው ነበር? ምንም።

ከሠራተኛው ጋር ወደ ዱንጉር ወረድንና ልጁን ከአያቱ ጋር ማሳ ላይ አገኘነው። ሽማግሌው ነገሩን ሰምተው «ወደይ፥ ቤተ መዘክር ብንወስድ ማን አገኘህ፥ ለምን ቈፈርህ እንባላለን ብለን እንፈራለን፤ እንግዳ ግን ከፍሎ ይሄዳል» አሉኝ። ለዚህም የምመልሰው አልነበረኝም፤ ያ እንግዳ እኔ ነበርሁና። ልጁ ግን እየሮጠ ወስዶ ቦታውን አሳየን፤ ከአንድ ቦይ ጫፍ፥ የተጠረበ ድንጋይ ብቅ ካለበት አጠገብ ነው። ሠራተኛው እርምጃውን ለክቶ በደብተሩ ጻፈ። ወርቁ ባይመለስም ቦታዋ ተመለሰላት።

በውጭ አገር ሰዎች በዕረፍት ቀናቸው የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዘው በየሜዳው ይዞራሉ። መሣሪያው ከመሬት ሥር ብረት ሲያገኝ ይጮኻል፤ ብረቱ ከምን ጋር፥ በምን ዘመን አፈር ውስጥ እንደ ተቀበረ ግን አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1992 በእንግሊዝ አገር፥ ሆክስን በተባለች መንደር፥ አንድ ጡረተኛ የወዳጁን የጠፋ መዶሻ ሲፈልግ የሮማውያን ወርቅና ብር አገኘ። ሁሉንም ቈፍሮ ሳይጨርስ እጁን ሰብስቦ ለሚመለከታቸው አስታወቀ። ሊቃውንቱም ደርሰው ወደ 15000 የሚጠጋ ገንዘብ ከነአቀማመጡ አወጡ። መዶሻውም ኋላ ተገኝቷል! በእኛም አገር በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግንና መቈፈርን ይከለክላል፤ በድንገት ያገኘም ሰው እንዲያስታውቅ ያዛል።

ስለዚህ አንባቢዬ፥ አክሱም ሲሄዱ ልጅ ተጠግቶ «ሳንቲም» ቢልዎ ገንዘብዎን ከኪስዎ አያውጡ፤ «የት አገኘኻት?» ብለው ይጠይቁትና አብረውት ወደ ቤተ መዘክር ይሂዱ። ሎሚውንም ለሻይዎ ይተዉት።

ገንዘቢቱን አስረክቤ ከመውጣቴ በፊት ሠራተኛው ዙሪያዋን የከበበውን የግሪክ ጽሕፈት አነበበልኝ። «ይህ ሀገርን ደስ ያሰኝ» ይላል። እኔ አንድ ቀን ሙሉ ኪሴ ይዣት ስዞር ደስ ያሰኘችው እኔን ብቻ ነበር።