ከእግራችን ፊት ያለችው ላሜራ

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ወጣት ወዳጄ ዲኤክስ መኪናውን እንዳይለት ጠራኝ። ኮፈኑን አስቀድዶ ጉብ ያለ የአየር ማስገቢያ ሊያስተክልበት ነው፤ ልጆቹ ስኩፕ ይሉታል። እንደ ውድድር መኪና ሊያደርጋት አስቧል። «ጋሼ፣ እዚህ ደጋ ላይ ሞተሩ አየር ያጥረዋል፤ በዚህ ይተነፍሳል» አለኝ።

ማጠሩ እውነት ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱ የዚያኑ ያህል ይቀንሳል። ስኩፑ ግን ይህን አይመልስም። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ነፋሱ የሚጨምረው ግፊት፣ እዚህ ካለው የአየር ግፊት አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ጥቅሙ ኮፈኑ ሥር ከታመቀው ትኩስ አየር ይልቅ ቀዝቀዝ ያለውን የውጭ አየር ማስገባቱ ነው። ይህን እየነገርኩት ኮፈኑን ስከፍት ስኩፑን ረሳሁት።

ሞተሩንና ጋቢናውን በሚለየው ላሜራ ላይ አራት ቀዳዳ ቆጠርኩ። በአንዱ የቴፕ ሽቦ አልፎበታል፤ ጎሚኒ የሚባለው የላስቲክ ቀለበት የለውም። ሽፋኑን የላሜራው ስለት በልቶት መዳቡ ተራቁቷል፤ አንድ ቀን ሾርት አድርጎ እሳት መጫሩ አይቀርም። ሁለቱ ባዶ ናቸው። አራተኛው ላይ ጨርቅ ተወትፏል። ስቤ አወጣሁት፤ ከአሮጌ ብርድ ልብስ የተቀደደ ነው፣ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። «ጠዋት ጠዋት ብርዱ በእግሬ እየገባ አስቸግሮኝ ነው» አለ። የኛን አገር የኅዳር ውርጭ የሚያውቅ ይፈርድለታል። ግን ዘይት የጠጣ ጨርቅ የኩራዝ ክር ማለት ነው፤ አንዱ ጫፉ ሞተሩ ዘንድ፣ ሌላው የነጂው እግር ሥር።

የውድድር ሰዎች ይህን ቀልድ አያውቁም። ኤንኤችአርኤ የሚባለው የአሜሪካ የድራግ ውድድር ማኅበር ደንብ ላሜራው ከጎን እስከ ጎን፣ ከኮፈኑ እስከ ወለሉ ያለ ክፍተት እንዲዘጋ ያዛል። ብረት ከሆነ ከ0.6 ሚሊ ሜትር፣ አሉሚኒየም ከሆነ ከ0.8 ሚሊ ሜትር አይሳሳም። ማግኒዥየም ክልክል ነው፤ ራሱ ይነድዳልና። ቀዳዳ ሁሉ በብረት ይደፈናል፤ ጨርቅም ማስቲሽም አይቆጠርም። ስኩፑ ደግሞ ከዋናው ኮፈን በላይ ከ28 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ከዚያ በላይ ከወጣ ነጂው ምን ያያል? ክፍት ካርቡሬተር ከላይ፣ ከጎንና ከኋላ መከለል አለበት። ነፋስ ቤንዚኑን መጥጦ ነጂው ፊት ላይ እንዳይረጨው ነው። እንዲህ ያለ አንቀጽ ያለ ምክንያት አይጻፍም።

ላሜራው እሳት አያጠፋም፤ ሰከንድ ነው የሚሰጠን። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ባሕሬን ላይ የፎርሙላ ዋን ነጂው ሮማን ግሮዣን መኪናው አጥር ገጭታ ለሁለት ስትሰበር እሳት ውስጥ 28 ሰከንድ ያህል ቆይቶ በእግሩ ወጣ። እጆቹ ተቃጥለው ነበር። ይህም እሳት የሚችል ልብስ ለብሶ፣ ሐኪም በመኪና ከኋላው እየተከተለው ነው። እኛ ሹራብና ጋቢ ለብሰን ነው የምንሄደው።

ሚኒባስ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ብዙው ሃይስ ላይ ሞተሩ ያለው ጋቢና ወንበር ሥር ነው። በእሳቱና በተሳፋሪው መካከል ያለው ክዳኑና በዙሪያው ያለው ላስቲክ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማ በር ስንወጣ ጋቢና ተቀምጬ ነበር። ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስቶ 3,000 ሜትር የሚያልፍ ዳገት ነው። ደብረ ሲናን እንዳለፍን ባቴ መጋል ጀመረ፤ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። ላስቲኩ የለም፤ በምትኩ ካርቶን ተጠቅጥቋል። አጠገቤ ሕፃን ያቀፈች እናት ነበረች። ሕፃኑ ሙቀቱ ተስማምቶት እንቅልፉን ይተኛል። ጣርማ በር ዋሻ ጋ እስክንደርስ ዓይኔን ከዚያ ካርቶን አላነሳሁም። ዛሬም ያ ሕፃን አይረሳኝም።

ወዳጄ ሦስቱን ቀዳዳ በላሜራ አስደፍኖ በሪቬት አስመታ፤ ሽቦውን ለውጦ ጎሚኒ አስገባ። ለስኩፑ ከያዘው ገንዘብ ብዙው ተረፈው። ኮፈኑን አልቀደደውም።

እናንተም ዛሬ ማታ ሞክሩት። አንድ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ የእጅ ባትሪ ወደ ላሜራው ያብራ፤ እናንተ ጨለማው ጋቢና ውስጥ ገብታችሁ ከፔዳሎቹ ኋላ ተመልከቱ። ብርሃን ባያችሁበት ሁሉ እሳትም መንገድ አለው። ሃይስ ያላችሁ፣ የወንበሩን ክዳን አንሱና ላስቲኩን ዳብሱት። እባካችሁ፣ ወደ አንኮበርም ሆነ ወደ ደብረ ሲና ሰው ከመጫናችሁ በፊት ያንን ካርቶን አውጡት።