ለከሰል ለቅሶ የደረስኩ ዕለት

ጀርመን ደርሳ የተመለሰች ልጅ ምን ዓይነት ፎቶ ይዛ መምጣት እንዳለባት አውቃለሁ። ቤተ መንግሥት፣ ድልድይ፣ አደባባይ ላይ ቡና። እኔ ግን ጓደኞቼ ፊት ስልኬን ስከፍት የወጣው ሁሉ ዝገት ነው። ዝገት ከፊት፣ ዝገት ከጎን፣ ዝገት ላይ ቆሜ ስስቅ። አንዷ ጓደኛዬ ጥቂት ስታገላብጥ ቆየችና፣ "ለዚህ ነው ያን ሁሉ ብር ለትኬት ያወጣሽው? ይሄማ ምናለሽ ተራ አለልሽ አይደል!" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ እንደ መከላከያ ማስረጃ ቁጠሩልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ የምትኖረው ኤሰን ነው፤ ምዕራብ ጀርመን። ኤሰን ያለችው ሩር በሚባለው አካባቢ ሲሆን፣ ሩር ማለት ከተሞቹ ተያይዘው አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ የማይታወቅበት፣ 53 ከተሞችና ወደ 5 ሚሊዮን ሕዝብ ያሉበት ምድር ነው። ይህ ሁሉ ሰው እዚያ የተሰበሰበው በሁለት ነገር ምክንያት ነው፤ በድንጋይ ከሰልና በብረት። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። ሰባትና ስምንት መቀነስ የእናንተ ሥራ ነው።)

ብረቱ ቀድሟል። ኦበርሃውዘን ውስጥ ሳንክት አንቶኒ የሚባል ማቅለጫ ሥራ የጀመረው በ1758 ነው፤ ማዕድኑን የሚያገኘውም እዚያው አካባቢ ካለ ረግረግ መሬት ነበር። ቀጥሎ ከሰሉ ገነነ። ጉድጓዱ እየጠለቀ እየጠለቀ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወረደ። በ1950ዎቹ አጋማሽ በሩር የከሰል ጉድጓዶች የሚሠራው ሰው ከ400 ሺህ በላይ ነበር። በ1958 ግን ነገሩ ተገለበጠ። የነዳጅ ዘይት ረከሰ፣ የውጭ ከሰልም ረከሰ፣ የሩር ከሰል ደግሞ በጥልቀቱ ምክንያት ተወደደ። ጉድጓዶቹ አንድ በአንድ ይዘጉ ጀመር።

የፈረቃው ሰዓት

አክስቴ የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ከምትንከባከባቸው ሽማግሌዎች አንዳንዶቹ የድሮ ማዕድን ቆፋሪዎች ናቸው። ሳንባቸውን የከሰል ጉድጓድ አቧራ በልቶታል፤ ሲያስሉ ከኮሪደሩ ጫፍ ይሰማሉ።

በደረስኩ በሁለተኛው ቀን፣ ሽሮ እየበላን፣ እንዲህ አለችኝ። "አንደኛው ሌሊት ይነሳብኛል። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን አጥልቆ በሩ ጋ ቆሞ አገኘዋለሁ። ወዴት ነው ስለው 'ፈረቃዬ ደረሰ' ይለኛል።"

ጉርሻዬን ዋጥኩና ዝም አልኩ። አክስቴም ዝም አለች። ሁለታችንም ያሰብነው ስለ አንድ ሰው ነበር፤ ስለ አባቴ፣ ስለ ወንድሟ።

አባቴ ሃያ ሁለት ዓመት አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ሠርቷል። (ስሙን ልተወው። ክስ ልመሠርት አይደለም የመጣሁት።) ቆራሌው ከየሰፈሩ የሚሰበስበውን ውዳቂ ብረት የሚያቀልጥ ምድጃ ላይ ነበር የሚሠራው። አንድ ሰኞ ጠዋት ሲሄድ በሩ በሰንሰለት ታስሮ፣ ወረቀት ተለጥፎበት አገኘው። ቱታው፣ ጓንቱና የምሳ ዕቃው ሎከሩ ውስጥ እንዳሉ ቀሩ። እኔ ያኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ከዚያ በኋላ ሌላ ሥራ ሠርቷል፣ አሳድጎናል፣ አስተምሮናል። በዚያ መንገድ ግን አልፎ አያውቅም። ታክሲው በፋብሪካው በር የሚያልፍ ከሆነ፣ ሁለት ታክሲ ይዞ ይዞራል።

ቤታችን ውስጥ ስለዚህ ነገር ወሬ የለም። ሰው ቢሞት ሠልስት አለ፣ አርባ አለ። ፋብሪካ ሲሞት ግን ማን ድንኳን ይጥላል?

በሰንሰለት የተሰቀለ ልብስ

በማግስቱ አክስቴ ዕረፍት ስለነበረች ትራም 107 ይዘን ሶልፌራይን ሄድን። ሶልፌራይን በ1847 የተመሠረተ የከሰል ማዕድን ነው። ዝነኛው 12ኛው ጉድጓድ ሥራ የጀመረው በ1932 ሲሆን፣ ፍሪትስ ሹፕና ማርቲን ክሬመር የተባሉ አርክቴክቶች ናቸው የነደፉት። 55 ሜትር የሚረዝም የአሳንሰር ማማ ከፊት ተገትሯል፤ ከኋላው ቀይ ጡብና ብረት፣ ሁሉም በመስመር። በቀን 12 ሺህ ቶን ከሰል የሚያወጣ ቦታ እንደዚያ ያምራል ብዬ አልጠበቅኩም። በ1986 ተዘጋ። በ2001 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መዘገበው፤ ከላሊበላና ከአክሱም ጋር አንድ መዝገብ ላይ ማለት ነው።

የከሰል ማጠቢያ የነበረው ግዙፍ ሕንፃ አሁን ሙዚየም ነው። መግቢያው ከመሬት 24 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ የሚወጣው በረጅም ብርቱካናማ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ነው። (አክስቴ ዓይኗን ጨፍና ነው የወጣችው። ይህን እንዳልጽፍ አስጠንቅቃኝ ነበር።) ሙዚየሙ ክብሩን ብቻ አያወራም። ከዚህ ምድር የወጣው ከሰልና ብረት መድፍ እንደሆነ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በግዳጅ የመጡ ሰዎችና የጦር እስረኞች እዚህ ጉድጓድ ውስጥ እንዲሠሩ እንደተደረጉ ይናገራል።

ያስጎበኙን ሽማግሌ ራሳቸው የቀድሞ ሠራተኛ ነበሩ። ጆሯቸው ስለተጎዳ ጮክ ብለው ነው የሚያወሩት። ሲቀበሉን "ግሉክ አውፍ!" አሉን፤ የማዕድን ቆፋሪዎች ሰላምታ ነው። አክስቴ "እንደኛ 'በሰላም ያውጣህ' በይው" ብላ ተረጎመችልኝ። ምርቃቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። የካቲት 20 ቀን 1946 ግሪምበርግ የሚባል ጉድጓድ ውስጥ በደረሰ ፍንዳታ 405 ሰዎች ሞተዋል።

እኔን የያዘኝ ግን የልብስ መቀየሪያው ታሪክ ነው። ቆፋሪዎቹ ሎከር አልነበራቸውም። የእያንዳንዱ ሰው ልብስ መንጠቆ ላይ ተንጠልጥሎ በሰንሰለት ወደ ጣሪያው ይሳባል፤ ታች ሰንሰለቱ በቁልፍ ይታሰራል። እርጥቡ ልብስ ላይ ይደርቃል፣ ታች ቦታ አይይዝም። በመቶ የሚቆጠር ልብስ ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ ባለቤቱን ሲጠብቅ ይታያችሁ። ሶልፌራይን ውስጥ ከነዚህ መቀየሪያዎች አንዱ ዛሬ የዳንስ ማዕከል ሆኗል።

ሽማግሌው በመጨረሻው ቀን የራሳቸውን ልብስ በሰንሰለት አውርደው፣ ቁልፉን በኪሳቸው ይዘው እንደወጡ ነገሩን። ቁልፉ እስከ ዛሬ አላቸው። አሳዩን።

እኔ የአባቴ ቱታ ትዝ አለኝ። አክስቴ ቦርሳዋ ውስጥ ሶፍት ትፈልግ ጀመር።

"ቆራሌ የላቸውም እንዴ?"

በአራተኛው ቀን ዱይስቡርግ ሄድኩ፣ ብቻዬን። እዚያ ማይደሪሽ የሚባል ሰፈር ውስጥ በ1901 የተመሠረተና በ1985 የተዘጋ የብረት ማቅለጫ አለ። ሊፈርስ ነበር፤ የሰፈሩ ሰዎች ተቃወሙና ቀረ። ፔተር ላትስ የተባለ የመልክዓ ምድር አርክቴክት ከነዝገቱ ፓርክ አድርጎት በ1994 ተከፈተ። ማዕድን ይከማችባቸው የነበሩ የኮንክሪት ግድግዳዎች ላይ ሰዎች ተራራ መውጣት ይለማመዳሉ። 45 ሜትር ስፋት ያለው የጋዝ ማጠራቀሚያ ውሃ ተሞልቶ ጠላቂ ዋናተኞች ይሠለጥኑበታል። ሕፃናት ቱቦ ውስጥ ይንሸራተታሉ።

አምስተኛው ምድጃ ላይ ወጥቼ ለአባቴ በቴሌግራም ቪዲዮ ደወልኩ። ለምን እንደደወልኩ አላውቅም። ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር።

"አባባ፣ ይታይሃል?"

"ካሜራውን ወደ ታች አድርጊው። ወደ ታች። ሰማዩን ምን ያደርግልኛል?"

አደረግኩ። ዝም አለ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

"ብረቱ የሚወጣበት አፉ የት አለ? ... አዎ፣ እሱ ነው። ቦዩ ይታያል? ቅላጩ በዚያ ነው የሚፈሰው። ዝቃጩ ስለሚቀል ከላይ ይንሳፈፋል፣ እሱን በሌላ ቦይ ይወስዱታል።"

ከዚያ ማን ያስቆመው! የእሱ ምድጃ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነበር፤ ይሄኛው ግን ከላይ የብረት ማዕድን፣ ኮክና የኖራ ድንጋይ የሚጨመርበት፣ ከታች የጋለ አየር በኃይል የሚነፋበት ነው። ኮክ ማለት ከሰሉ አየር በሌለበት ምድጃ ተጋግሮ ጋዙና ሬንጁ ከወጣለት በኋላ የሚቀረው ነው። ይህን ሁሉ ያስረዳኝ አባቴ ነው፣ አዲስ አበባ ሶፋ ላይ ተቀምጦ። እኔ ቦታው ላይ ቆሜ የማላውቀውን እሱ በስልክ ያውቀዋል። ሃያ ደቂቃ አወራን። በሕይወቴ ስለ ሥራው ይህን ያህል ነግሮኝ አያውቅም።

"ግን ይሄ ሁሉ ብረት እንዴት ቀረ? ቆራሌ የላቸውም እንዴ?" አለ በመጨረሻ።

ኧረ አላቸው። ዶርትሙንድ ከተማ የነበረውን የፊኒክስ ብረት ፋብሪካ በ2001 ሲዘጋ ቻይናዎች ገዙት። ሠራተኞቻቸውን አምጥተው ብሎን በብሎን ፈትተው ወደ ሀገራቸው ጭነው ሄዱ። ቦታው ላይ ዛሬ ሐይቅ ተሠርቶ ዳር ዳሩ ውድ ቤት ተገንብቷል። ዓለም ካየቻቸው ቆራሌዎች ሁሉ ትልቁ ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

አባቴ ከልቡ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሠራተኞቹስ?" አለኝ።

የከሰል ዕድር

ይህን ጥያቄ ይዤ ነው የተመለስኩት። መልሱ ተረት አይደለም። በ1987 ክሩፕ የተባለው ኩባንያ ዱይስቡርግ ራይንሃውዘን ያለውን ፋብሪካ ሊዘጋ መሆኑ ሲሰማ ሠራተኛው ወጣ፤ የራይን ወንዝን የሚያሻግረውን ድልድይ ዘጋ፤ ለወራት ታገለ። ፋብሪካው ግን በ1993 ተዘጋ። የቀረላቸው የድልድዩ ስም ነው፤ "የአንድነት ድልድይ" ይባላል። ጌልዘንኪርሸንን የመሰሉ ከተሞች ዛሬም ከጀርመን በሥራ አጥነት ከሚታወቁት ውስጥ ናቸው። ስለዚህ "ፈረንጆቹ ሁሉን አሳምረው ጨረሱ" ልላችሁ አይደለም።

ግን አንድ ነገር አድርገዋል። ድጎማው ቆሞ የመጨረሻዎቹ ጉድጓዶች በ2018 እንዲዘጉ የተስማሙት በ2007 ነው። አሥራ አንድ ዓመት ቀድመው! እስከዚያ ከፊሉ በጊዜ ጡረታ ወጣ፣ ከፊሉ ሌላ ሙያ ተማረ። ዲሴምበር 21 ቀን 2018 ቦትሮፕ ያለው ፕሮስፐር ሃኒል ሲዘጋ ፕሬዚዳንቱ ፍራንክ ቫልተር ሽታይንማየር በቦታው ነበሩ። ቆፋሪዎቹ ፊታቸው እንደጠቆረ ወጡና የመጨረሻዋን የከሰል ቁራጭ ሰጧቸው። ትልልቅ ሰዎች አለቀሱ። ለከሰል!

ከቀብሩ በኋላም አልተበተኑም። ለመቶ ዓመታት ከሥሩ የተቦረቦረው መሬት ሰምጧል፤ አንዳንድ ቦታ ከሃያ ሜትር በላይ። መሬቱ ስለሚሰምጥ የፍሳሽ ቱቦ መቅበር ስላልተቻለ፣ ኤምሸር የሚባለው ወንዝ ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል የአካባቢው ክፍት ፍሳሽ ቦይ ሆኖ ነበር። ጉድጓዶቹ ሲዘጉ ነው ቱቦ መቅበር የተቻለው፤ ሠላሳ ዓመትና ከ5 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ፈጅቶ፣ በ2021 መጨረሻ ወንዙ ከፍሳሽ ነፃ ሆነ። ውሃውን የሚስቡት ፓምፖች ግን መቼም አይቆሙም። ቢቆሙ የሰመጠው መሬት ሐይቅ ይሆናል። ወጪውን የሚሸፍነው ለዚሁ ተብሎ የተቋቋመ ፋውንዴሽን ነው፤ ሥራው "ዘላለማዊ ግዴታ" ይባላል። አክስቴ ይህን ስታስረዳኝ የተጠቀመችው ቃል አንድ ነው።

"ዕድር ነው በያቸው።"

አንድ ታክሲ

ከተመለስኩ በኋላ በሁለተኛው እሁድ አባቴ "ነይ እግራችንን እናፍታታ" አለኝ። ወዴት እንደምንሄድ አልጠየቅኩም። መንገዱ ወደዚያ ሲታጠፍ ግን ገባኝ።

አጥሩ ቆርቆሮ ነው። ዘበኛው በትህትና "መግባት አይቻልም አባቴ" አሉት። "አልገባም፤ ላየው ብቻ ነው" አላቸው። የቆርቆሮው ቀዳዳ ላይ ዓይኑን አስጠጋ። ከዚያ እኔን ሳበኝ።

"ያ ጣሪያው የተቀዳደደው ነው። በግራ በኩል ሦስተኛው መስኮት። እዚያ ነበር የምቆመው።"

ለዘበኛውም አስረዳቸው። ምድጃውን፣ ቦዩን፣ ዝቃጩ እንዴት እንደሚንሳፈፍ። ዘበኛው ዱካ አመጡለት። ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጠ። ስለ ቱታው ምንም አላለም፤ እኔም አላነሳሁበትም።

ስንመለስ በፋብሪካው በር የሚያልፈውን ታክሲ ያዝን። አንድ ታክሲ ብቻ።