ላት ሥር የገባ እጅ

በግ ሊገዛ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው እጁን ላቱ ሥር መስደድ ነው። ለምን እንደሆነ ቢጠየቅ የሚያስረዳ ብዙ አይገኝም። አባቱ ሲያደርግ አይቷል፣ እሱም ያደርጋል። ላቱን ከታች ወደ ላይ መዘን ያደርግና ፊቱን ያኮሳትራል፤ ፊት ማኮሳተር ከዋጋው ላይ ትንሽ የሚያስቀንስ ይመስለዋል። ቀጥሎ ወገቡን ጨበጥ፣ ጎኑን ዳሰስ ያደርጋል፤ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል። በመጨረሻ በጉን አንድ ዙር ይዞርና ሻጩን "ስንት አልከኝ?" ይለዋል። ሻጩ እስካሁን ምንም አላለውም።

እኔም ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነኝ። ሃያ ዓመት ያህል የበግ ላት ሳነሣ ኖሬ፣ ምን እየሠራሁ እንደነበር የገባኝ ባለፈው ዓመት ነው። በግ እርባታ ምርምር ላይ የሚሠራ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛ አለኝ። "በግ የምታውቀው ወጥ ውስጥ ብቻ ነው፤ ና አንድ ቀን በቁሙ ላሳይህ" እያለ ብዙ ጊዜ ሲጠራኝ ቆይቶ አንድ ቅዳሜ ሄድኩለት።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ብርዷ ግን የሌላ አገር ነው። ከተማዋ ከ2700 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች። ከዚያ ወደ መንዝ ሲያቀኑ ደግሞ ብርዱ ይብሳል፣ ዛፉ ይሳሳል፣ የድንጋይ ካቡ ይበዛል። በግ ጠባቂ ሕፃናት ባና ተከናንበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። በጎቹም ያው ባና የለበሱ ይመስላሉ፤ እንዲያውም ባናው ከእነሱ ላይ የተወሰደ ነው። የመንዝ በግ ትንሽ ነው። ስድስት ወር የሞላው ጠቦት ብዙውን ጊዜ 15 ኪሎ እንኳ አይደርስም። ጸጉሩ ሻካራ፣ ላቱ አጭር ሆኖ ጫፉ ላይ ጠምዘዝ ያለ ነው። ይህችን ጠምዘዝ ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

የደረስነው አውራ በሚመረጥበት ቀን ነበር። የመንደሩ ሰው ጠቦቶቹን ነድቶ አንድ ሜዳ ላይ አሰባስቧል። እያንዳንዱ ጠቦት ጆሮው ላይ ቁጥር አለው። ሁለት ወጣቶች ጠቦት ብድግ እያደረጉ ሚዛን ላይ ይሰቅላሉ፤ አንዱ ደብተር ይዞ ይጽፋል። ሚዛን ላይ የተንጠለጠለ ጠቦት አራት እግሩ አየር ላይ ቀርቶ በሐሳብ እንደተዋጠ ሰው ዝም ይላል። አንድም የጮኸ አላየሁም።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለኝ ጓደኛዬ። "ገበሬ ለዘር የሚያስቀምጠው የቱን ገብስ ነው?"

"ምርጡን ነዋ።"

"ለዘር የሚያስቀረውስ የቱን ጠቦት ነው?"

"ምርጡን" ልል አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ቶሎ ያደገ፣ ወገቡ የሞላ፣ ላቱ የከበደ ጠቦት በዓል ሲመጣ ከመንጋው ቀድሞ የሚወጣ ነው። ገበያ ላይ ዓይን የሚገባው እሱ፣ ቤት ውስጥ ጨው ሲያልቅ፣ የማዳበሪያ ዕዳ ሲመጣ፣ ልጅ ሲታመም የሚሸጠው እሱ። መንጋው ውስጥ የሚቀረው ማንም ዞሮ ያላየው ከሲታ ወጠጤ ነው። ተሯሩጦ እንስቶቹን የሚያጠቃውም ያው የቀረው ነው፤ የከርሞ ግልገሎች አባት እሱ ሆነ ማለት ነው። ላት ሥር እጄን ስሰድ በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ እኔም አባት እየመረጥኩ ኖሬያለሁ፤ እንዳይወልድ።

ገበሬው ይህን አጥቶት አይደለም። ገብስ ጎተራ ውስጥ ሲቀመጥ ምግብ አይጠይቅም፤ አውራ በግ ግን ይበላል። ደግሞ ግጦሹ የጋራ ነው። እኔ የበዓል ዋጋ ትቼ፣ ድርቆሽ ቀልቤ ያቆየሁት አውራ ጠዋት ከበረት ሲወጣ የማንን በግ ማጥቃት እንዳለበት አይጠይቀኝም። የጎረቤቴ በጎች ይወልዱለታል፣ ጎረቤቴ በነጻ ያተርፋል። ጎረቤቴም ሞኝ አይደለም፤ የእኔ አውራ ካለለት የራሱን ለምን አይሸጥም? እኔም ያንን አይቼ ከርሞ የራሴን እሸጣለሁ። እንዲህ ሲባል ሁሉም ትክክል ሆኖ መንጋው ይኮሰምናል።

እንግዲህ ምርምሩ የገባው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ግድም ኢካርዳና ኢልሪ የተባሉት ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት፣ የቪየናው ቦኩ ዩኒቨርሲቲና የአገር ውስጥ የምርምር ማዕከላት በመንዝ፣ በሆሮ፣ በቦንጋና በአፋር አንድ ሥራ ጀመሩ። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው፤ የመንደሩ ሰው ራሱ ተስማምቶ ምርጦቹን ጠቦቶች ከገበያ ያስቀራል፣ በቡድን በቡድን ሆኖ በጋራ ይጠቀምባቸዋል፣ ጊዜያቸውን ሲጨርሱ አድልቦ ይሸጣቸዋል። ያልተመረጡት ይኮላሻሉ ወይም ቀድመው ይሸጣሉ። ከባዱ መስማማቱ ነው። መንዝ ግን ለጋራ ስምምነት እንግዳ አይደለም። የጓሳን ሣር በቄሮ ሥርዓት ዓመታት ዘግቶ፣ በችግር ጊዜ ከፍቶ ሲጠቀም የኖረ ሕዝብ ነው፤ ያ ሥርዓት የፈረሰው በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ማግስት ነው። ሣር ጾም ማሳደር የቻለ ሰው አንድ ወጠጤ ከፋሲካ ቢላዋ ማዳን አያቅተውም።

ከዚህ በፊት ለረጅም ጊዜ መፍትሔው ከባሕር ማዶ እንደሚመጣ ይታሰብ ነበር። ኮሪዴል የሚባል በግ መጣ፣ ሮምኒ መጣ፣ ሃምፕሻየር መጣ። ቀጥሎ ከእስራኤል አዋሲ መጣና ከመንዝ በግ ጋር ይዳቀል ጀመር። አዋሲ ግዙፍ ነው፣ ጸጉሩ ይበዛል፣ ወተትም አለው፤ ጆሮው ረጅምና ወራጅ ነው። ዲቃላው በደህና ሲቀለብ ከአገሬው በግ ይበልጣል፤ በደህና የሚቀልበው ማን ነው የሚለው ሌላ ነገር ነው። አውራ የሚራባባቸው ማዕከላት ውስጥ ቀስ ብሎ ሳንባ የሚበላ የበግ በሽታ ተገኝቶም አውራ ማከፋፈሉ የተቋረጠበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ ተመራማሪዎች ደብረ ብርሃን ላይ የሆሮን በግና የመንዝን በግ ጎን ለጎን አኑረው አይተዋል። ሆሮ ከምዕራብ የመጣ፣ በቁመናም በክብደትም የሚበልጥ በግ ነው። ብርዱና ትሉ ላይ ሲደርስ ግን የትንሹ የመንዝ በግ ግልገሎች በተሻለ ተርፈዋል። እዚያው ተወልዶ እዚያው ያደገ ብርድ መቻል ያውቃል።

ወደ ሜዳው ልመለስ። ሚዛኑ አበቃና የባለሙያዎቹ ወረቀት ወጣ። ክብደት ብቻ አይደለም የተጻፈው፤ የእናቱ ቁጥር፣ የአባቱ ቁጥር፣ የወንድም የእህቶቹ ውጤት ተደምሮ የወጣ ደረጃ ነው። አንደኛ የወጣውን ጠቦት አመጡት። አንድ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ቀረብ አሉና እጃቸውን ሰደዱ፤ የት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

"ይሄ አይሆንም" አሉ።

"አባባ፣ አንደኛ እኮ ነው" አለ ደብተር የያዘው ልጅ።

"ይሁን። ላቱን አየኸው ልጄ?"

"ምን ሆነ?"

"ቀጥ ብሎ ወርዷል። ጠምዘዝ የለውም።"

ወጣቱ ወረቀቱን አየ። ወረቀቱ ላይ ጠምዘዝ የሚባል ዓምድ የለም። ጓደኛዬ ጣልቃ አልገባም፤ በኋላ ስጠይቀው፣ በዚህ አሠራር የመጨረሻው ቃል የባለበጎቹ መሆኑን ነገረኝ። ሊቃውንቱ ምርጡን ይጠቁማሉ፣ መንደሩ ላትና መልክ፣ ቀንድና ቁመና አይቶ ይወስናል። ያኔ ግን ዝም ብለን ሁለተኛውን ጠበቅን። ሽማግሌው ሁለተኛውን ዳሰሱና "እናቱ ማን ናት?" አሉ። ልጁ ቁጥር ተናገረ። "ቁጥሯን ምን አደርገዋለሁ፣ የማን ናት?" የባለቤቷ ስም ተነገራቸው። "እ! ያቺ መንታ የወለደችው!" አሉና ፊታቸው በራ። እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ የሚለው ተረት ለካ ከመጀመሪያው ስለ በግ ኖሯል። ደረጃውን ያወጣው ኮምፒዩተርም የሚሠራው ያንኑ ነው፤ ባለቤቷን አያውቅም እንጂ።

አንድ ጥቁር ጠቦትም ነበር፤ ሚዛኑ ላይ በደህና ወጥቶ ሳለ ገና ሲያዩት ወንዶቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥቁር በግ ገበያ አይወደውም። ከበስተኋላ አንዲት ሴትዮ "በርኖሱን ከነጭ ልትሠሩት ነው?" ብለው ሣቅ ሆነ፤ ጠቦቱ ግን ተመለሰ። ገበያና በርኖስ ሲጣሉ የሚያሸንፈው የትኛው እንደሆነ የዚያን ቀን አየሁ። ማታ ብርዱ ሲመጣ የበርኖሱ ነገር ቆጨኝ።

ውጤቱ ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት የዓመታቱን መዝገብ ደምሮ ያየ ሲሆን፣ የስድስት ወር ጠቦት ክብደት በአማካይ በቦንጋ በዓመት 210 ግራም፣ በሆሮ 180፣ በመንዝ 110 ግራም ጨምሯል ይላል። 110 ግራም ማለት የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ከሆነ ሁለት ተኩል ነው። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ሚዛን፣ ያ ሁሉ ክርክር በዓመት ለሁለት ተኩል እንቁላል! ይህን ለጓደኛዬ ብዬው አልሣቀም። "መኖ ሰጥተህ የጨመርከው ኪሎ መኖው ሲያልቅ ይወርዳል" አለኝ። "ይህቺ ግን ደም ውስጥ የገባች ናት። ልጁም ይዟት ይወለዳል፣ የልጅ ልጁም።"

ከሰዓት ሽማግሌው ቤት ቡና ተጠራን። ባለቤታቸው ከቡናው በፊት የበጎቹን ማደሪያ ሲጠርጉ ደረስን። በጠጡን በቅርጫት ሰብስበው ጓሮ ወስደው ደፉት። ጓሮው ጥቁርና ለስላሳ ነው፤ ጎመኑ የዝሆን ጆሮ አክሏል። ከካቡ ማዶ ያለው ማሳ ግን ገርጥቶ አመድ መስሏል። አንድ ቤት፣ አንድ መሬት፣ በመካከሉ ያለው ካብ ብቻ።

"እዚያ ማዶስ አይደርስም?" አልኳቸው።

"በጠጡ ይቺው ናት፤ ከጓሮ አታልፍ። የላሙ እበት ደግሞ ይኸው" ብለው በአገጫቸው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ኩበት አሳዩኝ። "እንጨት ከየት ይመጣል ልጄ?"

ቡናው የፈላው በዚያው ኩበት ነው፤ ሦስተኛውን ስኒ ስጠጣ ያንን የገረጣ ማሳ እየጠጣሁ እንደሆነ ተሰማኝ። ከብቱ ሣሩን ከሜዳ ሰብስቦ ያመጣዋል፣ እበት ያደርገዋል፣ እበቱ እሳት ይሆናል፣ አመዱ በር ላይ ይደፋል። ጠዋት ሜዳው ላይ የሰማሁት ነገር እዚህም አገኘኝ፤ መሬቱም ምርጡን ቀድሞ ይሰጥና በተረፈው ይወልዳል።

በማግስቱ ወደ ደብረ ሲና የሚወስደውን መንገድ ይዘን አንዲት ጢድ በምትባል ቦታ አለፍን። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ አለ። ሥራውን የጀመሩት የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ጓደኛዬ አሠራሩን ሲነግረኝ ደስ አለኝ። ዝናብ ዘንቦ ወንዙ ሲደፈርስ አንድ ሰው ብርድ እየመታው ወርዶ ጭቃ ውኃውን በጠርሙስ ይቀዳል፤ ቆይቶ ደግሞ ይቀዳል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ጭቃ ይጠለላል፣ ይደርቃል፣ ይመዘናል። አንዱ ባለሙያ ጠቦት ሲመዝን ሌላው ድፍርስ ይመዝናል። ከዚህ ዓይነቱ ሥራ ተነሥተው ሃንስ ሁርኒ የተባሉት የስዊስ ተመራማሪ፣ ከደጋው የእርሻ መሬት በዓመት በአማካይ ከሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገመቱ። ቶንና ሄክታር ለእኔ ዓይነቱ ሰው አይታይም። ስለዚህ መኪናው ውስጥ በጣቴ አሰላሁት፤ ግማሽ ካሬ ሜትር፣ አጎዛ ተነጥፎበት የሚሸፈን የሚያህል መሬት፣ በዓመት 2 ኪሎ አፈር ይሰጣል። በጉ በዓመት 110 ግራም ይዞ ሲመጣ አጎዛው ሥር ያለው መሬት 2 ኪሎ ይዞ ይሄዳል። ሒሳቤን ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ጓደኛዬ "እሱ የሌላ ክፍል ሥራ ነው" አለኝ። በግ ለብቻ ክፍል አለው፣ አፈር ለብቻ ክፍል አለው። ሴትዮዋ ቅርጫት ውስጥ ግን ሁለቱ አንድ ላይ ነበሩ።

ሁሉም አፈር የሚሸሽ አይደለም፤ ውኃ ይዞ አልለቅም የሚልም አለ። እነዋሪ የሚባል ቦታ ሜዳ ላይ ያለው ጥቁር ዋልካ በክረምት ውኃ ያቁርና ሰብሉን ሥሩን ያንቀዋል። በአገሪቱ እንዲህ ያለ ጥቁር አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ይሆናል ይባላል። የእነዋሪ ሰዎች ከማንም ሳይማሩ አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ ከፍ ያለ መደብና ቦይ፣ መደብና ቦይ ያደርጉታል። ሕፃን ሽማግሌ ሳይባል ጎንበስ ብሎ ነው የሚሠራው። ከላይ ሆኖ ሲያዩት ማሳው ሹሩባ የተሠራ ራስ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኢልካ የተባለው የእንስሳት ምርምር ማዕከል ይህንኑ ሥራ በበሬ ለማቅለል የአገሩን ማረሻ አሻሽሎ መደብ አውጪ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ይሠራል፤ ይከብዳልም። ክረምት መግቢያ ላይ ያለ የከሳ በሬ ስለ እሱ ምን እንደሚል የጠየቀው የለም።

ይህ ሁሉ አልፎ ፋሲካ መጣ። እኔም እንደ ልማዴ በግ ተራ ወረድኩ። ሁለት ሦስቱን ዞር ዞር ብዬ አየሁና አንድ ቀይ ዳለቻ ጠቦት ዓይኔ ገባ። ወገቡ ሞልቷል፣ ላቱ አጭር፣ ጫፉ ላይ ጠምዘዝ ያለች። እጄ ሳላዘው ሄደ። ከበደኝ። ከዚያ ጆሮውን አየሁ፤ ግራ ጆሮው ላይ ጥርት ያለች ክብ ቀዳዳ አለች።

"ይቺ ምንድን ናት?" አልኩት ሻጩን።

"ምልክት ናት። እንዳይጠፋ።"

ቁጥር የነበረባት ቀዳዳ ትሁን፣ እውነትም ምልክት ትሁን አላወቅኩም። አገልግሎ የተሸጠ አውራ ከሆነ ቢያንስ ሁለት፣ ምናልባትም አራት ጥርስ ነቅሎ መሆን አለበት። ከንፈሩን ገለጥኩ። ስምንቱም ትንንሾቹ የወተት ጥርሶች እንደተደረደሩ ናቸው። ሌላ ጊዜ ሥጋው ለጋ ነው ብዬ ደስ የሚለኝ ነበር። ደግሜ አየሁ።

"ጌታው፣ የጥርስ ሐኪም ነዎት ወይስ ገዢ?" አለኝ ሻጩ። ከኋላዬ የቆመ ሌላ ሰው እጁን ላቱ ሥር ሰዶ፣ ፊቱን አኮሳትሮ፣ "ስንት አልከኝ?" ይል ጀመር።